ቆማ የጠበቀችን ጅግራ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለሰውመሆን፣ ካለህበት መተማ።

ለጤናህ እንዴት ነህ? ቆላው እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ዘንድሮ ራርቶልሃል? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ የእርሻው ሥራ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። የስልኩ መስመር ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ነጋዴው መሐመድአወል ነገ ወደዚያ ሲመጣ ይዞልህ እንዲደርስ በጥድፊያ የጻፍሁት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

አምና በስልክ ጅግራው በዛብን ብዬ ሳማርር ስቀህብኝ ነበር። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጅግራ ነገር በሣርና በውሃ ነው ይል እንደነበር ታስታውሳለህ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ከዋጠው እንቁላሉ ከነጎጆው ይሄዳል። ሣሩ ያለጊዜው ከታጨደም ጫጩቱን ጭልፊትና ቀበሮ ይጨርሰዋል፤ በዚያ ዓመት የጅግራ ድምፅ ይናፍቃል። ውሃው ልኩን ሲይዝና ሣሩ ጫጩቱ እስኪበር ሲቆይ ደግሞ ሜዳው ይሞላል። ባለፉት ክረምቶች ውሃው ልኩን ያዘ፣ ቀበሮውንም በሽታ ፈጀው፤ መንጋው ከማሳችን አልወጣ አለ። የዘራነውን ሩዝ እየጫረ ለቀመው። አንተም አዝነህልን ዘንድሮ በሰኔ መግቢያ ያንን ነጭ ዱቄት በፌስታል ቋጥረህ በመሐመድአወል ላክህልን። ከዘሩ ጋር አሹት፣ እኔ ያለሁበት እርሻ እንዲህ ይደረጋል ብለህ አስነገርህ። አሸነው።

ዘንድሮ ርብ አልሞላም። ሣሩም እንደቆመ ነው፣ ቀበሮም አላየንም። ጅግራው ግን ጠፋ፤ መጀመሪያ ደስ አለን። ኋላ ባለቤቴ እንግዳው በማሳው ዳር ክንፋቸውን ዘርግተው የወደቁ አገኘ። በክት ናቸውና ማን ይነካቸዋል፣ ቀበራቸው። የሰኔ ጾም በተፈታ ዕለት ግን አንዷን ቆማ አገኛት። ሲቀርባት አልበረረችም፣ ትንገዳገድ ነበር። ሳትሞትብኝ ብሎ ተቻኩሎ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ደሟ ፈሷል፣ በክት አይደለችም፤ ከዚያ ወዲያ የምንጠረጥረው ነገር አልታየንም። ሆዷን ስከፍት የራሳችንን ሩዝ አገኘሁ፤ ዘራችንን መለሰችልን ብዬ ሳቅሁ። ጾሙ እናታችንን አድክሟት ነበርና የጅግራዋን ጉበትና መረቁን ለእሷ ሰጠናት። እኔና እንግዳው ከሥጋው ጥቂት ቀመስን።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ሸዋዓለም ደጃፍ ቆማ፣ «አምሳል፣ ያረዳችኋት ጅግራ ስትሮጥ ነው የተያዘች ወይስ ቆማ?» አለችኝ። የጣልሁትን የሆድ ዕቃ የለቀሙት ዶሮዎቿ ሞተው ነበር። ወደ እናታችን ሮጥሁ። እናታችን ሌሊቱን ሲያልባትና ምራቅ ሲያዝረበርባት አድራ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ምች ነው፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዱኝ ትል ነበር። እኛ ግን ወረታ ጤና ጣቢያ አደረስናት። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ሐኪሙ የዱቄቱን ስም ጠየቀኝ፤ በፌስታል የመጣ ነገር ምን ስም አለው? «ስሙ ቢታወቅ የምንሰጣትን በእርግጠኝነት እናውቅ ነበር» አለኝ። ለጊዜው ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ዛሬ ደግሞ ዓይኔ ደበዘዘብኝ ትላለች።

ፈርቻለሁ፣ ወንድምዓለሜ። ማለዳ ሜዳው ጭጭ ይላል። ድሮ ጅግራ ሲጠፋ ምክንያቱን እናውቀው ነበር፣ ለከርሞ ይመለሳል ብለንም እንጠብቅ ነበር። አሁን ከብቱ ከዚያው ሣር ይግጣል፣ ልጆቹ ያንኑ ውሃ ይሻገራሉ፤ የቱን ልከልክል? እኔንም ጠዋት ጠዋት ራሴን ያዞረኛል፤ ሥጋው ይሁን ፍርሃቱ መለየት አቃተኝ።

ልወቅስህ አይደለም የጻፍሁት፤ በእጃችን ያሸነው እኛው ነን። ብቻ ዱቄቱን የቀዳህበትን ዕቃ ሂድና እይ፤ ስሙን በትልቁ ጽፈህ ለመሐመድአወል ስጠው። እሱም በማግሥቱ እመለሳለሁ ብሎኛል። አንተም ያንን ነገር ነክተህ እጅህን ሳትታጠብ እህል እንዳትነካ።

እንግዳው ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቀና ብሎ አያይም። ልጄ እዮብ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይጠይቃል። ሸዋዓለምም ሰላም ብላሃለች፣ ስለ ዶሮዎቿ አልተቀየመችንም። እናታችን ከሁሉ አብልጣ ጉንጭህን ስማለች። የሕመሟን ምክንያት አልነገርናትም። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስነግራት እንዲህ በይልኝ አለችኝ፦ «ዘንድሮ ሩዛችን ሳይለቀም በቀለ። ልጄ ያንን መድኃኒት ለከርሞም ይላክልን።»

እህትህ አምሳል
ወረታ፣ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.