ለግማሹ ብቻ ዋስ

ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለገብረዋሕድ፣

የጅቡቲ ሙቀት ብዙ እንዳላከሳህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ልጅህ ዳናይት ደህና ነን፤ እሷ በቁመት በልጣኛለች፣ በምላስም ጭምር። ይህን ደብዳቤ የከባድ መኪና ሹፌሩ መኩሪያ ያደርስልሃል። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ወሬው ወደ ባንክ ሲዞር ኔትወርኩ ሁልጊዜ አንተ ጋ ስለሚቆራረጥ ነው።

ለሚ ኩራ ያለው ወርክሾፓችን ሥራ በዝቶበታል። አንተ ከፊሊሞን ጋር ሁለት ሆናችሁ የጀመራችሁት የበርና መስኮት ሥራ ዛሬ ሰባት ሰው ይዟል። ላሜራውን ግን አሁንም በመዶሻ ስለምናጥፍ ትልልቅ ትእዛዝ እየመለስኩ ነው። ማጠፊያ ማሽን ልገዛ ባንክ ብሄድ እንደተለመደው ቤት አስይዢ አሉኝ። ይህችን ቤት ከእንግዲህ ለማንም አላስይዝም። ልወጣ ስል የብድር ክፍሉ ልጅ ነህምያ ጠራኝና፣ እኛን ለመሰሉ ድርጅቶች ዋስ የሚሆን የውጭ የልማት ፋይናንስ ተቋም እንዳለ ነገረኝ። በዚህ መንገድ ከሆነ መያዣው ራሱ ማሽኑ ነው፤ ቤት አይነካም።

ዋስ የሚለው ቃል ቤታችንን ምን እንዳደረገ አንተ ታውቃለህ። ግን ነገሩ ገረመኝ። የማያውቀኝ ሰው ምን ቤት ነኝ ብሎ ዋስ ይሆነኛል?

ባለፈው ማክሰኞ ከተቋሙ አንዲት ሴት ከነህምያ ጋር ሥራችንን ልታይ መጣች። እንግዳ ይመጣል ከተባለ እኔ ምን እንደምሆን ታውቃለህ፤ ሥራ አስቆምኩ። ግቢው ተጠረገ፣ ማሽኖቹ ተወልውለው ጨርቅ ለበሱ፣ ሠራተኞቹ ለጥምቀት የለበሱትን ነጭ በነጭ ለብሰው ቆሙ፣ በግም ታረደ። ሴትየዋ በላች፣ አመሰገነች፣ ዙሪያውን አየችና ነህምያን አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሥራ አቁመዋል ወይ እያለች ነው" አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለክብሯ ብዬ ያደረግኩት ሁሉ ሥራ የሌለን አስመሰለን። ደግነቱ ፊሊሞን ነገሩ ገባውና ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ብየዳውን ለኮሰ። አዲሱ ሱሪው ሦስት ቦታ ተበሳ። ሴትየዋ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

እሷ ጠይቃ ስትጨርስ ተራው የኔ ሆነ፤ ነህምያ ሲያስተረጉም ላብ አጠመቀው። ገንዘብ ካላችሁ ለምን ራሳችሁ አታበድሩኝም አልኳት። ባንኩ ገንዘብ አያጣም፣ ያጣው ድፍረት ነው አለች። እነሱ ፍርሃቱን ይካፈሉታል፤ እኔና መሰሎቼ ከፍለን ስንጨርስ ባንኩ ይለምድና ለቀጣዮቹ ያለ እነሱ ያበድራል። ለዋስትናቸውም ከባንኩ ክፍያ ይቀበላሉ። ይሄኔ ሳቄ መጣ። አንተ ለቴድሮስ ዋስ ሆነህ የፈረምክለት ወሎ ሰፈር በአንድ ማኪያቶ ነው።

"እኔ ብከስር ለባንኩ ሙሉውን ትከፍላላችሁ?" አልኳት በመጨረሻ።

"ግማሹን ብቻ" አለች። "ለሙሉው ዋስ ከሆንን ባንኩ ይተኛል። ግማሹ ከራሱ የሚሄድ ከሆነ ግን ዓይኑን ከሥራሽ ላይ አይነቅልም።"

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ሳሰላስል መውረጃዬን አለፍኩት። አንተ ለቴድሮስ የመለዋወጫ ሱቅ ብድር ለሙሉው ነበር የፈረምከው። ሱቁ ባዶ ሲሆን ያየው የለም፤ ሰውየው ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ አንተን አየ። እኔም ሞኝ አልኩህ። "ለሰው ሁሉ ዋስ ስትሆን ለኛ ማን ዋስ ይሁነን?" አልኩህ። ሰው ማመንህ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ ሸክሙን ሁሉ ብቻህን መሸከምህ ነው። እኔም ላግዝህ ሲገባኝ ጨመርኩብህ። ዕዳውን ልትከፍል ሄድክ፣ ዕዳው ካለቀ ዓመት አለፈው፣ አንተ ግን አልተመለስክም። ይቅር በለኝ ገብሬ፣ ጨክኜብህ ነበር።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ብድሩ የባለትዳር ስለሆነ ባልም ሚስትም በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው፤ እስከ የካቲት 20 ካልሆነ ዕድሉ ለሌላ ያልፋል። ነህምያ ቸገረኝ ብሎ፣ "ተለያይታችሁ ከሆነ የፍርድ ቤት ወረቀት ያምጡልኝ፤ ያኔ የእርስዎ ፊርማ ብቻውን ይበቃል" አለኝ። ማሽኑን እንዴት እንደምፈልገው አልደብቅህም። ሦስት ዓመት ተለያይቶ ለኖረ ሰው ያንን ወረቀት ማውጣት ከባድ አይደለም። አልተለያየንም አልኩት።

ዳግመኛ ወረቀት ላይ ላትፈርም መማልህን አልረሳሁም። ይሄኛው ግን ለግማሹ ብቻ ነው፤ በግማሹ ላይ እኔ ፈርሜ መጥቻለሁ።

እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ፣ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። ድንበር ተሻግረህ ጋላፊ ስትደርስ ደውልልኝ። እዚያ ኔትወርክ እንዳለ መኩሪያን ጠይቄያለሁ።

ሚስትህ
መብራት