ከስክሪኑ ግርጌ የሮጠችው መስመር

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3
የሕንፃችን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የሳውና ተራዬን ወሰዱብኝ። ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት... አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኔ ነበረች። ዛሬ የሕንፃውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ባየው የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ላህቲነን ስም ሰፍሮባታል። እኔን የት ወረወሩኝ? ማክሰኞ። ማክሰኞ ማን ይታጠባል? ለሕንፃው ኃላፊ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ረጅም።

ሄናም ደውላ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው የወንድሜ ልጅ። ስለ ከተማችን የድሮ የኮምፒውተር ልጆች ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀች ነው፤ ማርች 14 ይከፈታል። በ1990 ከጓደኞቼ ጋር የሠራነውን ዴሞ፣ ያን አጭር የኮምፒውተር ትርኢት፣ ከአንድ ጀርመናዊ ስብስብ ውስጥ አግኝታዋለች። አጎቴ፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ ላሳየው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሳዪው አልኳት። ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5
ሄጄ አየሁት። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ! አራት ደቂቃ የማትሞላ ነገር... ኳሶች ይዘላሉ፣ «ቀዝቃዛ ሾርባ» የሚለው የቡድናችን ስም ይውለበለባል፣ ሙዚቃው ይንቆረቆራል፣ ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ያኔ ዴሞ የምንሠራው ለምን ነበር? ለጉራ። ጽሑፉ ደግሞ የጉራው ጉራ ነው፤ ለወዳጅ ቡድኖች ሰላምታ፣ ለማንወዳቸው ስድብ። ጸሐፊው ሁልጊዜ እኔ።

ስስቅ ቆየሁ። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። እያንዳንዱ ፊደል የእጄን መዳፍ ያክላል።

«ሙዚቃው የኢልፖ ነው። ከማን እንደሰረቀው እስክናውቅ ድረስ።»

ሄና ሳቀች። ኢልፖ ማነው አለችኝ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምስማር የሚሸጠው ሰውዬ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6
የአተር ሾርባ። አልጣመኝም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8
እሺ፣ ልጻፈው። ማንም አያነበው።

ኢልፖ ያንን ዜማ የሠራው እናቱ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በሦስት ሳምንት ነው። ማሽኑ፣ ኮሞዶር 64 የሚባለው የቤት ኮምፒውተር፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አያወጣም። ኢልፖ በሦስቱ ሙሉ ባንድ የተቀመጠ ያስመስል ነበር። አጠገቡ ሆኜ ብስኩት እበላለሁ፤ እሱ አንዲት ድምፅ ሃምሳ ጊዜ ይቀያይራል። ከማንም አንድ ኖታ አልወሰደም። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ዜማ ሰርቆ በራስ ስም ከማውጣት የከፋ ነውር አልነበረም። ቀልዱ ያሳቀኝም ለዚያ ነው። ዲስኩን አባዝቼ ለኖርዌይ፣ ለሆላንድና ለጀርመን ልጆች በፖስታ ላክሁ። ኢልፖ መስመሯን ያያት ከተላከ በኋላ ነው።

እዚህ በኛ ሳቮ ክፍለ ሀገር ወዳጅህን ካልነካካኸው ተጣላችሁ ወይ ትባላለህ። ሆላንድ ያሉት ይሄን በምን ይወቁ? አመኑት። በወሩ ደብዳቤ መጣ፤ ዜማው በእውነት የማን ነው? በዲስክ የሚዞር አንድ መጽሔት ኢልፖን ከሌቦች ዝርዝር አስገባው። ዜማ ሥራልን ይሉት የነበሩት ሁሉ ጠፉ። አስተባብልልኝ አለኝ። በሚቀጥለው ዴሞ እጽፋለሁ አልኩት። ጻፍኩ? አልጻፍኩም። ቦታ አልነበረም... ቦታማ ነበረ። ስለ ራሴ ስጽፍ ሞላ።

በዚያው ዓመት ማሽኑን ሸጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዜማ አልሠራም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ለሰላምታ ያህል ራሳችንን እንነቀንቃለን። ምስማር ባስፈለገኝ ቁጥር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቼ ሌላ ከተማ እገዛለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11
ለሄና ሁሉንም ነግሬ ያቺን መስመር አውጪልኝ አልኳት። አይሆንም አለች። ሰነድ ነው፣ ሰነድ አይነካም። ብስክሌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እሷ ስለ ሰነድ ታስተምረኛለች።

እንግዲያው ፈቃዴን አንስቻለሁ፣ ዴሞውን በሙሉ ተዪው አልኳት። ከዚያ...

«አጎቴ፣ ከዐውደ ርዕዩ ሁሉ የሚበልጠው ያ ሙዚቃ ነው። ሌላ የሱ ሥራ የትም የለም፤ ፈልጌያለሁ። ይሄንንም ልታጠፋበት ነው?»

ይሄ ምን ዓይነት ጣጣ ነው? ዴሞው ከታየ ኢልፖ ሌባ ነው። ካልታየ ጭራሽ አልነበረም። ሂድና አናግረው አለችኝ ደግሞ። ለሷ ቀላል ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14
የጓደኞች ቀን። ሰው ካርድ ይላላካል። እኔ ኢልፖ መደብር ሄድኩ።

ከሱና ከኔ በቀር ማንም የለም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል? ምን ልርዳህ አለኝ። ምስማር አልኩት። ርዝመቱ ስንት ይሁን? የትኛውም አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። የሆነ ነገር መዘነልኝ። ከረጢት ትፈልጋለህ? አልፈልግም። ወጣሁ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀብር ላይ እንኳ አፍ አጥቼ አላውቅም። ይኸው ኪሴ በሁለቱም በኩል በምስማር ተቀዶ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18
መላ መጣልኝ። አዲስ ዴሞ እሠራለሁ። አንድ ደቂቃ። ከድሮው ቀጥሎ እዚያው ግድግዳ ላይ ይታያል፤ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ፍጥነት፣ እውነቱ ይሮጣል። ሄናም አዲስ ሥራ ከሆነ ሰነዱ አልተነካም አለች። ማሽኑን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። በ1988 ሾርባ የደፋሁበት ቁልፍ ዛሬም ይጣበቃል።

ሙዚቃስ? የኢልፖን ልጠቀም... ሳላስፈቅድ? አሁንም? ራሴ እሠራለሁ። ሦስት ድምፅ ነው፤ ምን ይከብዳል?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20
ይከብዳል።

ባለቤቴ ቱይያ በሩን ከፍታ፣ እዚህ ውስጥ የታመመ ነገር አለ ወይ አለችኝ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24
ጽሑፉ ከሙዚቃው ባሰ። ይቅርታ ብዬ እጀምራለሁ፣ ቀልድ ሆኖ ያልቃል። ዘጠኝ ጊዜ! ዘጠነኛውን ለቱይያ ሳነብላት ራሴ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ቬሳ፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ» አለች።

የሆነው ይሄ ነው፦

«በ1990 ኢልፖ ዜማ ሰረቀ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው። ራሱ ሲሠራው አጠገቡ ነበርኩ። እንዳስተባብልለት ለመነኝ፣ አላስተባበልኩም። ቬሳ።»

አራት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ስድስት ቀን። ስለ ራሴ ቢሆን እስከ ምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይወጣኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26
ዲስኩን ለኢልፖ በፖስታ ላክሁ፤ እንደ ድሮው፣ በሁለት ካርቶን መሀል። ካልተስማማህ አይታይም የሚል ብጣሽ ወረቀት አስገባሁበት። ሳላስበው ቴምብሩን ሙጫ ቀባሁት። ያኔ እንዲያ እናደርግ ነበር፤ ተቀባዩ ማኅተሙን አጥቦ ቴምብሩን ደግሞ እንዲልክበት። ቱይያ ስቀባ አየችኝ። ራሷን ይዛ ወጣች።

ሰኞ፣ ማርች 3
መልስ የለም።

ዓርብ፣ ማርች 7
የለም። መደብሩ ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ፖስታውን ኤሊ ብትሸከመው እንኳ ደርሳ ነበር። በመኪና በዚያ በኩል አለፍኩ። መስኮት እየወለወለ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለት ነው? ደርሶኛል ነው? ወይስ የዘወትሩ ነው? ሰው እንዴት ይሄን ያህል ዝም ይላል?

ማክሰኞ፣ ማርች 11
ሄና አዲሱን ዴሞ አምጣ አለች፤ ዓርብ ይከፈታል። ኢልፖ እስከ ነገ ድረስ ካልመለሰ ሁለቱንም ተዪ አልኳት፤ አሮጌውንም አዲሱንም። ሙዚቃውስ? እሱም ይቅር። ሰውየው ሳይፈልግ ሁለተኛ ጊዜ ስሙን በአደባባይ አላስሮጥም። ጥርት አድርጋ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ አለችኝና ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔ ላይ!

ረቡዕ፣ ማርች 12
ለሄና የመጨረሻውን ኢሜይል እየጻፍኩ ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። ፖስተኛ መስሎኝ ከፈትኩ።

ኢልፖ። የመደብሩን ሰደርያ እንደለበሰ፣ ዲስኬን ይዞ።

ዲስኩን የሚያነብ ማሽን እንደሌለው እንዴት አላሰብኩም? ማሽኑን ያስሸጥኩት እኔ ነኝ እኮ። እስከ ሚኬሊ ከተማ ሄዶ ከአንድ ሰብሳቢ ተውሶ ነው ያየው፤ የቆየውም ለዚያ ነው። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ጫማውን እያወለቀ። ግባ ሳልለው።

«ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ ከሌሎቹ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል» አለ። «ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም።»

«ስሜ ባለበት እንዲህ ያለ ነገር አይጮህም። ማሽኑ የታለ?»

አሳየሁት። ተቀመጠ። የአንድ ሳምንት ልፋቴን ባንዴ ደመሰሰው። አንድ ድምፅ አስገባ፣ ሰማው፣ አጠፋው። ሌላ አስገባ።

ጽሑፉስ አልኩት።

«ይቆይ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እንዳለ ይቆይ።»

ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ጸጉሩ ከኋላ መሳሳቱን አየሁ... ስለሱ አንዲት ጥሩ ቀልድ ምላሴ ጫፍ መጣች። ዋጥኳት። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጥ ቤት መጥቼ ይሄን እጽፋለሁ።

አቆመ... ደገመው። ሁለተኛውን ድምፅ ጨመረበት።