የወለተ ሩፋኤል ሱቅ ግዝት

ብሥራት፣

ከወንድሜ ከአንዋር ጋር ዓሣ ልናጠምድ ሐይቁ ላይ ወጥተናል። ሁለት ሦስት ቀን እቆይ ይሆናል። ቁልፉ ከጀሪካኑ ሥር ነው። ውኃ ከመጣ በርሜሉን ሙላው።

ሲጋራ አብረን እናቁም ያልኸኝ አንተ ነህ። እሺ አልሁ። እማማ ወለተ ሩፋኤል ለእኔ እንዳይሸጡ በቄሱ አባትህ አስገዘትሃቸው። እኔ እስላም ነኝ፣ ግዝቱ አይዘኝም። እሳቸውን ግን ያዛቸው። አንዲት ፍሬ ብቻ ብዬ ብለምናቸው «ልጄ፣ በግዝት አልጫወትም» አሉኝ። የሰፈሩ ሱቅ ደግሞ የእሳቸው ብቻ ነው። ብወጣ እሳቸው፣ ብገባ አንተ። መተንፈሻ አጣሁ።

አንተ ግን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ታጨሳለህ። ጋቢህ ይሸታል። ከእሳቸው እንደምትገዛም አውቃለሁ፤ ግዝቱ የጠራው የእኔን ስም ብቻ ነዋ።

ዝም ብዬህ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለአባትህ ደወልሁ። ግዝቱን ይፍቱልኝ ልላቸው ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «ልጄስ ተወ?» ብለው ጠየቁኝ። እሳቸውን መዋሸት አቃተኝ።

ብርጭቆው ውስጥ ቀረፋ ትቼልሃለሁ። አምሮቱ ሲነሳብህ አኝከው፤ ጥቂት ከታገሥኸው ይበርዳል። እኔን የረዳኝ እሱ ነው። እሱና፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእማማ እምቢታ።

እሳቸው ጋ ሄደህ አትድከም። አባትህ ደውለውላቸዋል።

ሙኒር