የቆምኩበት የቦይ ጠርዝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ የግራው ከጥምቀት ወዲህ ታገሠልዎ ወይስ አሁንም ዳገት ላይ ያስቆመዎታል? ከደምበጫ የላክሁልዎ መነጽር ልክ ሆነ ወይ? እናቴስ ደኅና ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ላሚቱ ወለደች? እኔን ከጠየቁኝ ጤናዬ ሙሉ ነው፣ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን። ናፍቆቱን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ስልክ ብደውል ባምላኩ ተቀብሎ በጆሮዎ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ እርስዎ ግን ግማሹን እንኳ አይሰሙም። ስለዚህ ዳዊት በሚደግሙበት ዓይንዎ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ጻፍኩ። ዲያቆን መልካሙ ነገ ወደ ፈረስ ቤት ስለሚወጣ እሱ ያደርስልኛል። ባምላኩ ላንብብልዎ ቢል አይስጡት፤ ወንድሜ የማይመቸውን መስመር እንደሚዘል ያውቃሉ።

ክፉውን ዜና አላቆየውም። ለአስተርእዮ ማርያም አልመጣም። በገና ለእናቴ ቃል ገብቼላቸው እንደነበር አልረሳሁም። ዓርብ ከመኪናው መውረጃ በቅሎዋን ይዘው ሊጠብቁኝ እንዳሰቡም ሰምቻለሁ። እባክዎ በዚያ ጉልበት አይውረዱ። ለምን እንደቀረሁ ግን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ይስሙት፤ ከዚሁም ጋር ሰባት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ የከረመ ነገር አለብኝ።

ሥራዬን ሁልጊዜ «የኮምፒዩተር ነገር ነው» እያልኩ አልፍዎት ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርዎ፤ የመስኖው የውሃ አባት ነዎትና ከመሐንዲስ ይበልጥ ይገባዎታል። ቡሬ ባለው የገበሬዎች ዩኒየናችን ሕንፃ ሦስት ቤት አለ፤ የእኛ ቢሮ፣ የበቆሎው መጋዘን፣ ከታች ደግሞ ክፍል የተከራየች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ። ሦስቱም ከፍኖተ ሰላም ጋር የሚገናኙት በአንድ ራውተር ነው። ራውተር ማለት መልእክትን ለየቤቱ የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ሲመላለሱ ታዲያ አንዱ የሌላው ጓዳ ይገባል። በኅዳር የአንዲት ሴት የደም ምርመራ ውጤት ክሊኒኩ ውስጥ መታተም ሲገባው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበቆሎው ሚዛን አጠገብ ታትሞ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ስሟን ጮክ ብለው አነበቡት። ያን ዕለት ነው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክንፈሚካኤል ጠርተው ይህን ነገር ለያይልኝ ያሉኝ።

ለዚህ ሦስት ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። አንዱን ራውተር በውስጡ ሦስት አድርጎ መክፈል ይቻላል፤ በእኛ ሙያ ቪአርኤፍ ይሉታል። ሳጥኑም ገመዱም ያው አንድ ነው፤ ለየቤቱ ግን የየራሱ የመንገድ መዝገብ ይጻፍለታል፣ የክሊኒኩ መልእክት የመጋዘኑን መንገድ ጭራሽ አያውቀውም። እርስዎ አንዱን ቦይ ሰኞ ለእነ እገሌ፣ ማክሰኞ ለእነ እገሌ እያሉ ያከፋፍሉ የለ? የእኔ የሚለየው የሁሉም ተራ በአንድ ጊዜ መዋሉ፣ ውሃውም አለመቀላቀሉ ነው። መጀመሪያ የተማርኩት ቀን አባቴ ይህን ሳይማሩ ይሠሩታል ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ሥራው ክሊኒኩ በሚዘጋበት ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ብቻ እንዲሠራ ተስማምተን ነበር። ጥር 13 ቅዳሜ ቡሬ ወርጄ ቢሮውንና መጋዘኑን ለየሁ፤ አንድም ሰው ሳይቸገር አለቀ። የክሊኒኩ ተራ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሆነ፤ እሱ ደግሞ የአስተርእዮ ዋዜማ ነው። ልቤ የሸፈተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ከዚሁ ሆኜ ልጨርሰውና ዓርብ ልሳፈር አልኩ።

ልጅ ሆኜ ቦይ ስንጠርግ የቆምሽበትን ጠርዝ አትቆፍሪ ይሉኝ ነበር። አንዴ አልሰማ ብዬ ጭቃው ውስጥ ስንቦጫረቅ በሳቅ ሞተዋል። ይኸው በሃያ ስድስት ዓመቴ ደግሜ ቆፈርኩት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬው ሳጥን የምገባው በዚያ ሳይለይ በቀረው በክሊኒኩ መንገድ ነበር። አንድ መንገድ ወደ አዲስ ክፍል ሲዛወር ደግሞ ሳጥኑ የቀድሞ አድራሻውን ይደመስሰዋል፤ ወዲያው መልሶ መጻፍ ግድ ነው። ይህን አውቃለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ትእዛዙን ሰጠሁ፣ አድራሻው ተደመሰሰ፣ እኔም መግቢያ አጣሁ። እዚያ ያለ ሰው እንዳይረዳኝ ሳጥኑ የተቆለፈበት ቁልፍ በእኔው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ቡሬ እስክደርስ፣ ገመዴን ሳጥኑ ላይ ሰክቼ እስክጽፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ሄደ። መጻፉ ራሱ ሁለት መስመር ነው። በዚህ መሀል ከፈጠም ወንዝ ማዶ የታመመ ልጇን አዝላ የመጣች እናት የልጇን ውጤት ስትጠብቅ ነበር። ውጤቱ ከፍኖተ ሰላም የሚመጣው በዚያው መስመር ነው፤ በስልክ አይነገርም። ነርሷ ሲስተር ምሥራቅ ቢቸግራት ነገ ተመለሽ ብላ ሸኘቻት። እኔ ስደርስ አግዳሚው ባዶ ነበር።

ማንም አልጠረጠረኝም። ሲስተር ምሥራቅ መብራት ነው አለች፤ የመጋዘኑ ሰዎች መስመሩ ነው አሉ። አቶ ክንፈሚካኤልም ደውለው ፈጥነሽ ደረስሽልን ብለው አመሰገኑኝ። አባቴ፣ ከሁሉም የከበደኝ ምስጋናው ነው። ዝም ብል ዓርብ ከእናንተ ጋር ነበርኩ።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያን የዛሬ ሰባት ዓመት ሚያዝያ አስታወስኩት። ቀብር ሄደው የእኛን የቦይ አፍ ሳይደፍኑ ረስተው፣ የመበለቲቱ የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ተራ በእኛ ድንች ላይ ሲፈስ የዋለ ጊዜ። ያየ ሰው አልነበረም። መበለቲቱ ራሳቸው እንኳ ምንጩ ቀንሶ ነው ብለው ነበር። እርስዎ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። የውሃ አባት ያጠፋ እንደሆነ ተራውን ይተዋል፤ ሦስት ተራ ተዉ። ድንቹ ደረቀ፣ እኔም የሚከፈልልኝ ጠፍቶ የዚያን ዓመት ኮሌጅ ሳልገባ ቀረሁ። ያኔ በሰው ፊት «ለሰው አዝነው የራስዎን ልጅ አደረቁ» አልኩዎት። በማግስቱ ስነሣ ጫማዬን ጭቃውን ጠርገው ደጃፍ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት።

ስልኬን አንሥቼ ለአቶ ክንፈሚካኤል መልሼ ደወልኩ። መብራትም መስመርም አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ያለ ሰዓቱ የነካሁት ለበዓል ለመሄድ ቸኩዬ ነው አልኳቸው።

«አገር ሁሉ በመብራት በሚያሳብብበት ዘመን፣ አንቺን ምን ነካሽ?» አሉኝ።

«የውሃ አባት ልጅ ነኝ» አልኳቸው። የገባቸው አይመስለኝም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፤ ሥራዬ ላይ ግን አለሁ። ፈቃዴን የተውኩት እሳቸው አስገድደውኝ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ክሊኒኩ ተዘግቶ ሳለ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ የቀረውን በደንቡ እጨርሳለሁ። ያች እናት ማክሰኞ ተመልሳ መጣች፤ እኔም ሲስተር ምሥራቅ ዘንድ አድሬ ጠበቅኋት። ልጁ መድኃኒት ጀምሯል፣ ይድናል ብለውናል። ያመላለስኳት እኔ እንደሆንኩ ስነግራት ጎንበስ ብላ ውስጥ እግሯን አሻሸች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከዓይኔ አልጠፉም።

አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ክፉ ቃል የተናገርኩት ልጅነት አታሎኝ ነው ልል አልችልም፤ እንዲያምዎ ብዬ ነው የተናገርኩት። ይህን መጥቼ ፊት ለፊት ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን እንዲሰሙኝ ስጮህ መንደሩ ሁሉ ይሰማል ብዬ አፈርኩ። አሁን ሳስበው ስድቡን በሰው ፊት ስናገር አላፈርኩም ነበር። ስለዚህ ይህችን አንቀጽ ብቻ ለባምላኩ ይስጡትና ሰው ባለበት ጮክ ብሎ ያንብባት። መስመር እንዳይዘል ግን አጠገቡ ይቁሙ።

ለእናቴ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ስለቀረሁ ቢቆጡ እውነታቸውን ነው። ባምላኩን እንዴት ነህ ይበሉት። ሚስቱ አደይ ከባድ እንዳታነሣ፣ ወሯ ገብቷል። በቅሎዋንም አንገቷን ይዳስሱልኝ።

ደግሞ ለእትዬ ወለተ ኢየሱስ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሰባት ዓመት በደብዳቤዬ ሁሉ ስማቸውን ስዘል እርስዎ አንድ ቀን ለምን አላሉኝም። በአስተርእዮ ዕለት ከእርስዎ ጎን ያለችው መቀመጫዬ ባዶ አትዋል፤ እሳቸውን ያስቀምጡባት። ከድፎውም የእኔን ድርሻ ለእሳቸው ይቁረጡላቸው። ተራዬን ትቻለሁ።

ልጅዎ አምለሰት አለበል
ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.