አተርና ምስር አንድ ከሆኑ

ጋሼ ኑሪ፣

የሱቁ ቁልፍ ጎረቤታችን ሳዲያ ጋ ነው።

ትናንት "ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አንድ ፍሬ ናቸው፤ ልዩነታቸው አዟዟራቸው ብቻ ነው" እያልክ ለፊዚክስ መምህሩ ለማሳየት የደባለቅከውን አተርና ምስር ለቅሜ ጨርሻለሁ። ዓይኔ ሊጠፋ ነው።

"አንድ ከሆኑማ ደባልቀን እንሽጣቸው!" ያልኩህ ለጨዋታ ነበር። ሰውዬው እንደዚያ ይስቅብሃል አላልኩም።

እሺ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እራትህን ሳትበላ ነው የተኛኸው። ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ጠዋት መምህሩ ቤት ድረስ ሄጄ፣ እስከ መጨረሻው እንዲሰማህ ለምኜዋለሁ። ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ። "መጽሐፋችሁ ሁሉ ውሸት ነው" ብለህ አትጀምር፤ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣ።

እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ በዴሳ ከተማ ያለችው አክስታችን ጋ ሄጃለሁ።

ናጂያ