እማማ፣ በሩን ይክፈቱ

እሑድ

ቦርሳውን እንደገና ሳሎን ወለል ላይ ዘርግፌዋለሁ። ሁለት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ፣ የሚጠቀለል አንቴና፣ ባትሪዎች፣ የመኪና ቻርጀር፣ የግንባር መብራት፣ እርሳስ። ነገ አይስ፣ የበረዶ ዝናብ፣ ይመጣል ብለዋል። ሱቅ ውስጥ ዳቦም ውሃም የለም።

ባሌ ዳንኤል የትራኩን ቁልፍ ይዞ በላዬ ላይ ቆመ። «እና፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ስልክ አለ አይደል?»

«ስልኩ ሲጠፋስ?»

ሳቀ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ወደ አማሪሎ ሄደ።

ያስጨነቀችኝ እናቱ ናት። ማለቴ፣ ያስጨነቁኝ። እማማ አስካለ ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ያለ ኦክስጅን ማሽን አይሆንላቸውም። ዩለስ ከተማ፣ እኛ ቤት ይሰንብቱ ብላቸው፣ «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ አንቺ ከማታውቂው ወንድ ጋር በዚያ ሬዲዮ ስታወሪ ልስማ?»

ሳቅኩ። ግን ንግግራቸው ቆንጠጥ አደረገኝ።

ሰኞ

ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለው ቢሮዬ ከቤት ሥሩ ብሎናል። ኦኬ።

አንዱ ባትሪ ባዶ ሆኖ ተገኘ! ለቤተ ክርስቲያን ሽርሽር አውጥቼው ሳልሞላው መልሼዋለሁ። ተዘጋጅቻለሁ እያልኩ ስኩራራ። አሁን ሞልቷል። ትንሽ ድል።

ከሰዓት በኋላ የሚዘንበው ሁሉ መሬት ሲነካ መስታወት ይሆን ጀመር። እማማ ጋ ደወልኩ። መብራት ካጡ መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር እንዴት እንደሚከፍቱ አስረዳኋቸው።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ። በዚያ ምንም እንዳልገባቸው በሚያሳብቀው ድምፅ።

ማክሰኞ

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ስነሳ መብራት የለም። ስልኩም ሞቷል፤ አንድም ሲግናል የለም። የዳንኤል የመጨረሻ ቴክስት «መንገድ ተዘግቷል፣ ፓርክ አድርጌያለሁ» ይላል። እዚህ ከጠፋ እማማ ጋም ጠፍቷል ብዬ መኪና አስነሳሁ። ከግቢ ሳልወጣ ተንሸራትቼ የጎረቤትን የፖስታ ሳጥን ገጨሁ። አሥር ሜትር አልሄድኩም። መሪው ላይ ተደፍቼ ጸለይኩ።

ከዚያ ቦርሳውን አወጣሁ።

አንቴናውን በረንዳ ላይ አሰርኩ። ድምፃችንን ሩቅ የሚያደርሰው ማስተላለፊያ በመጠባበቂያ ኃይል እየሠራ ነበር፤ ሰዎች ተራ በተራ ይነጋገራሉ። የጥሪ ስሜን ተናገርኩና ድንገተኛ ነው አልኩ። ወረፋውን የሚመራው ሰው የሁሉንም አፍ አስዘጋልኝ። የእማማን አድራሻ ሰጠሁት። አምቡላንስ እንደሚያስጠራ፣ ግን ብዙ ሰው እየጠበቀ መሆኑን ነገረኝ።

አንድ ሻካራ ድምፅ ገባ። «ሬይ እባላለሁ። ሕንፃው ከቤቴ ሦስት መንገድ አልፎ ነው። በእግሬ እሄዳለሁ።»

ጫማው ላይ ካልሲ አጥልቆ ወጣ፤ እንዳይንሸራተት። አልፎ አልፎ «አለሁ» ይላል። ሌላ ማንም አይናገርም። ሬዲዮኑን ደረቴ ላይ ለጥፌዋለሁ።

«በሩ ላይ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አትከፍትም። እየጮኸች ነው።»

የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫነው ከበሩ ጀርባ የእማማ ድምፅ ተሰማኝ። «ሰው የለም! ሂድ! ሰው የለም አልኩህ!» በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ሬዲዮኑን በሩ ላይ እንዲያስጠጋው ለመንኩት።

«እማማ፣ መሲ ነኝ። ደህና ሰው ነው። ይክፈቱለት።»

«መሲ? በዚህ አይስ እንዴት መጣሽ?»

«አልመጣሁም። ዩለስ፣ ቤቴ ነኝ፤ በሬዲዮ ነው።»

ሬይ አማርኛ ስለማይችል ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቅም፤ ቁልፉን ብቻ ይጫናል፣ ይለቃል።

«መሲ ከሆንሽ... የልጄን... የሕፃንነት ስም ንገሪኝ።»

ዳላስ ሙሉ እየሰማኝ ነው። ዳንኤል ይቅር ይበለኝ።

«ድንቡሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «ድንቡሼ፣ እማማ!»

የበሩ ሰንሰለት ሲንቃጨል ሰማሁ።

ሬይ ከንፈራቸው ጠቁሯል አለኝ። ሲሊንደሩ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር ነበር። መክፈቻው ወዴት እንደሚዞር፣ መጠኑ ስንት ላይ እንደሚቆም ነገርኩት። ከዚያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ። ሬይ፣ «እየተነፈሰች ነው። ቀለሟ እየተመለሰ ነው» አለ።

እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ረቡዕ

አምቡላንሱ ትናንት አመሻሽ ላይ ደርሶላቸው ነበር። ተጨማሪ ሲሊንደር ትቶላቸዋል። ሬይ ዛሬም ሄዶ አይቷቸዋል፤ ሾርባ ወስዶ «ጨው የለውም» ተባለ መሰለኝ፣ ፊታቸውን ብቻ አይቶ ነው የገመተው።

ስልክ መጣ! ለዳንኤል ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ሁሉም ሰምቷል ያልሽው... ስሙን ነው?» አለ።

«ሁሉም።»

እየሳቀ አለቀሰ።

ቅዳሜ

አይሱ ቀለጠ። እማማን ልንወስድ ሄድን። ዶክተሩ ሳንባቸውን በሚቀጥለው ማክሰኞ በድጋሚ ያየዋል፤ እስኪታወቅ እኛ ጋ ይሰነብታሉ። ይህን ያለ ክርክር መቀበላቸው ራሱ አስፈራኝ። ግን መጀመሪያ «ሰውየው ቤት» አሉ።

በሩን የከፈቱት ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ምርኩዝ የያዙ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ «አለ» እያልኩ ስጽፍ ነበር። ሽማግሌ ናቸው! በዚያ ጉልበት ነው በመስታወት ላይ የሄዱት። ዳንኤል እጃቸውን ይዞ አልለቅ አለ።

እማማ የኦክስጅን ቱቦአቸውን አስተካክለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ጌታ ዘመንህን ያርዝመው። ጉልበትህን ያጽናው። ደጄን እንዳንኳኳህ በጎ ነገር ደጅህን ያንኳኳ። ብቻህን አትቅር፣ ጠዋሪ አትጣ። ክፉ አይንካህ...» እያሉ ቀጠሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያርፋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሬይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

እማማ ሲያበቁ ሬይ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አሉ?»

በእንግሊዝኛ ከየቱ ልጀምር? «አመሰግናለሁ ነው የሚሉት» አልኩ።

ሬይ እማማን አዩ፣ እኔን አዩ። «ረጅም አመሰግናለሁ ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን በባርኔጣው ጠረጉ።