የአደራው አውሮፕላን

ይድረስ ለሚዜያችን፤

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ልጅህ ደህና ናት? የልጅ ልጆችህስ መነጽርህን መስበር ተዉ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ወገቤ አንድ ቀን እሺ አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቀው ነው፣ አላረጀም። ይሄን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። የልጄ ልጅ አንቺ ተናገሪ እኔ በስልክ ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ ተይኝ አልኳት። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልም ያንተና የኔ ነገር በሰው እጅ ሲያልፍ ደስ አይለኝም። ያላነበብከውን በግምት ሙላው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደርሶናል ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት። አማችህ ለስራ ወዲህ ሲመጣ ያን አደራ ያስቀመጥከውን ካርቶን እንድንሰጠው ጽፈሃል። ሶስት ሞተር ጭራው ላይ የተሸከመውን የፕላስቲክ አውሮፕላን ማለትህ ነው፤ ያ አየር መንገዱም ከከሰረ፣ የሚሰራው ፋብሪካም ከተዘጋ ስንት ዘመኑ የሆነውን፣ ስለሱ ስታወሩ አንተም ባሌም ድምጻችሁን ዝቅ የምታደርጉለትን። ላስቲኩ እንኳ እንዳልተቀደደ እወቂልኝ ብለህ እጄ ላይ ያስቀመጥከውን።

ዳር ዳር አልልም። ላስቲኩ ተቀዷል። ካርቶኑም ተከፍቷል። አሁን ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣበትና ቀሪውን አንብብ።

ከስሩ ልንገርህ። ዕድሜ ልካችሁን የሰው ሻንጣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ስትከቱ ኖራችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትሳፈሩ ጡረታ ወጣችሁ። በዚያ ፈንታ የጫናችኋቸውን አውሮፕላኖች በፕላስቲክ ተሰርተው፣ ተበታትነው በየካርቶኑ እየገዛችሁ ቤቴን ሞላችሁት። ሌላው ሰው ገዝቶ ይገጣጥማል፤ እናንተ ገዝታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ካልተከፈተ ነው ክብሩ፣ ከተከፈተማ እንደ ማንም ነው ትሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይሄማ የማይበላ ምግብ የማይለበስ ልብስ ነው እላችኋለሁ፣ እናንተ ትስቁብኛላችሁ። ሁለተኛው ልጄ ሊተኛበት የሚገባው ክፍል ካርቶን ተኝቶበት ልጁ ሳሎን አደገ። ያንን ተለጣፊ ደግሞ፣ የአውሮፕላኑ ስምና መስመር ያለበትን ወረቀት፣ አርጅቶ ቢጫ ሲሆንባችሁ ፀሐይ ያነጣዋል ብላችሁ መስኮት ላይ ለጠፋችሁት። እኔ ምን አውቄ፣ ቆሻሻ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጌ ጣልኩት። ሰው የሞተባችሁ ነበር የምትመስሉት። ሁለታችሁም አኩርፋችሁ የሰራሁትን ምግብ ግን አልተዋችሁም።

እንግዲህ ያ ባሌ፣ ካርቶን ስነካ እጅሽን ታጥበሻል ወይ የሚለኝ ሰው፣ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ተነስቶ አንዱን ከፈተ። መጥረጊያ ይዤ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ እንደ ወይን ዘለላ ከዘንጋቸው የተንጠለጠሉትን ቁርጥራጮች በጥፍር መቁረጫዬ አንድ በአንድ ይቆርጣል። ፊቱ ፈክቶ ነበር። እሰይ፣ በመጨረሻ ለቁም ነገር በቃህ አልኩትና ስቄ ወጣሁ። አልገባኝም ነበር። ሌላም ከፈተ፣ ሌላም። ከዚያ መነጽሩ ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ከገበያ ሲመለስ ፎቅ ተሳስቶ የሰው በር በቁልፉ ለመክፈት ሲታገል አገኙት። ያኔ መርሳት እንደጀመረው ገባኝ። ሐኪሙም ያንኑ ነገረኝ፣ እሱ ረዘም አድርጎ።

ትልቁ ልጃችን መጣና ክፍሉ ይቆለፍ አለ። አባባ ብርቅ ብርቁን እየጨረሰው ነው፣ ሳይበላሽ ለሚያውቅበት ሰው ቢሰጥ ይሻላል አለ። አባትህ ሲያስቀምጠው ነው ብርቅ የሚሆነው፣ ሲደሰትበት ነው የሚበላሸው? አልኩት። አይገባሽም እማዬ አለኝ። ይግባኝ አይግባኝ ቁልፉ እኔ ጋ ነው አልኩት፣ በዚያው አለፈ።

የልጁ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ያ ማጣበቂያችሁ ክፉ ነው፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው አንድ የሚያደርገው፣ አንዴ ከያዘ መመለሻ የለውም። እናም አሰብኩና ማጣበቂያውን ደፋሁት። ጠርሙሱ ውስጥ ለሸሚዝ ኮሌታ የማበጀውን ስታርች ሞላሁበት። እሱ ይገጣጥማል፣ መስኮቱ ጋ ያቆመዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ እኔ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ እፈታዋለሁ፣ አድርቄ ካርቶኑ ውስጥ እመልሰዋለሁ። በማግስቱ ለሱ አዲስ ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚሉት ይሄ ነው። አንዷን ባለሁለት ሞተር ስንቴ እንደሰራት አትጠይቀኝ። ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሁልጊዜ አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያያታል። እኔም ማታለሌ ቅር ሲለኝ፣ እንዲህ ያለ ደስታ በየቀኑ ማን ያገኛል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ስታርች ግን ስታርች ነው። አንድ ቀን አንስቶ ሲያያት ክንፏ ወደቀ። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ሳቁላላ መጣ። ኮቱን ቆልፏል፣ ጸጉሩን አበጥሯል፣ ክንፏን በመዳፉ ይዟል። ገባ አላለም፣ ደፉ ላይ ቆመ። እትዬ ይቅርታ፣ ይቺ ባለፈው የሸጡልኝ ክንፏ አይይዝም አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ አየሁ። ያቺ ጋራዡ አጠገብ አሻንጉሊትና ይሄን የናንተን ካርቶን የምትሸጠዋ ሴትዮ ትዝ ትልሃለች? ሳትከራከር አንድ እቃ የማትሸጠዋ፣ ያቺ በርሜሏ? ሱቁ ዳቦ ቤት ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው። እሷን መስዬዋለሁ። መጀመሪያ የከነከነኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ውፍረቷ። እኔ እንደዛ ነኝ?

ታዲያ ምን ልበል። አይ ጌታዬ፣ የኛ እቃ አስተማማኝ ነው፣ ትንሽ ያዝ አድርገው ያቆዩት፣ እየደረቀ ይይዛል አልኩት። አመሰገነኝ። ሊሄድ ሲል ተመልሶ ጠጋ አለና ድምጹን ቀነስ አድርጎ፣ ባለቤቴ በዚህ በኩል ካለፈች ሌላ መግዛቴን እንዳይነግሩብኝ አለኝ። አልነግርብዎትም አልኩት። ሽንኩርቱ አረረ።

ከዚያ ወዲህ ባለሱቅ ሆኜ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ ይመጣል፣ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ወሬ እንጀምራለን። መቼም ጨዋታ ያውቃል፤ እኔ ጋ ሲሆን ነው ጋዜጣ ውስጥ የሚደበቀው እንጂ። ስለ ሚስቱ ያወራኛል። አፏ ነው እንጂ ሆዷ ደህና ናት ይላል። ካርቶን ካርቶን እያለች ትነዘንዘኛለች፣ እኔ ስራ ስሄድ ግን አንድ በአንድ አቧራ ታራግፋቸዋለች፣ የማላውቅ ይመስላታል ይላል። ልጆቹ ታመው የነበሩ ጊዜ እንዴት ቆማ እንደምታድር፣ ስትስቅ እንዴት አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ይሄን ሁሉ ይነግረኛል። ለኔ አንድ ቀን ትንፍሽ ያላለውን። ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄ የሰማሁት ለሌላ ሴት ሲናገር ነው። ቀናሁ ብልህ ትስቃለህ። ሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ደብዳቤህ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ያንተን ካርቶን ከሌላው ለይቼ በአንሶላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ነበር ያኖርኩት። ልጃችን እንኳ የት እንዳለ አያውቅም። ወንበር ላይ ወጥቼ ሳወርደው አንሶላው እንዳለ ነው፣ ካርቶኑ ግን እጄ ላይ ቀለለኝ። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ታጥፎ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ምንም የለም። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት። ልጅህ ቤት ልትገባ ስትል፣ እዛ ከህጻናት አይተርፍልኝም፣ ይሄን ካንቺ ቤት የሚደርስበት የለም ብለህ ስትሰጠኝ የሳምከኝ ትዝ አለኝ። በዚህ እድሜ አደራ በላች መባል።

አፌን ሞልቼ ልጮህበት ገባሁ። እውነቴን ነው፣ ባለሱቅነቴንም ረስቼ። በሽተኛ ነው፣ አያውቅም የሚለው ሁሉ በዚያች ሰዓት ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር። የት አደረስከው አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ ስለምን እንደምጠይቀው ያወቀ መሰለ፣ መሳቢያውን ስቦ በሁለት እጁ አወጣልኝ።

እንዴት ብዬ እንደምነግርህ። የግራው ወገን አልቋል። ግማሹ ገላ ተቀብቷል፣ ስሙ ሳይጣመም ተለጥፏል፣ መስኮቶቹ ተጠርገዋል፣ ግራ ክንፉ እንደ ምስማር ቆሟል። ስታርች አይደለም። እኔ የማላውቀው የድሮ ማጣበቂያ ደብቆ ኖሯል፤ ይሄን በለብ ያለ ውሃ የሚፈታው የለም። የቀኙ ወገን ግን እንዳለ ነው። ከዘንጉ አልተቆረጠም። በንጹህ ፌስታል ተጠቅልሎ ጎኑ ተኝቷል።

ቁጣዬ በረደ። ለምን አልጨረሱትም አልኩት፣ እንደ ባለሱቋ።

"የቀኙ የሱ ነው" አለኝ።

የማን ነው ስለው ስምህን ከነአባትህ ጠራው። የልጆቹን ስም እያምታታ ያንተን ከነአባትህ። "ከስራ ስንወጣ ሁለታችን ልንሰራው ነው ያስቀመጥነው፤ እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ፣ እሱ ነው የዘገየው" አለኝ። እውነት ነው? ይሄን ቃል ተገባብታችሁ ነበር? ለኔ እንዳይከፈት እንዳይነካ እያላችሁ፣ ለካ ልትከፍቱት ነው የምትጠብቁት። ሁለታችሁም ሽማግሌ ሆናችሁ አንዱ ሌላውን ስንት ዓመት እንደጠበቀው እንጃ። የቀኙ ያንተ ድርሻ መሆኑን ሲነግረኝ ነው ለምን እንደማይነካው የገባኝ፤ ልነካለት እጄን ሰደድ ሳደርግ እጄን ያዘኝ።

እጄን እንደያዘኝ ድፍረት አገኘሁና፣ ባለቤትዎስ የት ሄደው ነው አልኩት። ስንት ጊዜ ልጠይቀው ፈልጌ ስፈራ ነበር። ሞኝ እንደሚያይ አየኝ።

"ሚዜዬ ሊያመጣት ሄዷል" አለ። "እሱ ነው ይዟት የሚመጣው።"

በሰርጋችን ቀን በሻንጣ መጫኛ መኪና አበባ አስረህ መጥተህ ከእናቴ ቤት የወሰድከኝን ነው መሰለኝ የሚያስበው። ነዳጁ መንገድ ላይ አልቆብን በሙሽራ ቀሚሴ ገፍተን የገባነውን። እሱ እንግዲህ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንዴት እንደዋለ እኔ አላየሁ፤ አሁን እያየሁት ነው።

እና ወንድሜ፣ አደራህን እንዳለ መመለስ አልችልም። ብትቆጣም ይገባሃል፣ ቆጣ በል፣ አልቀየምህም። ከክፍሉ የወደድከውን አንሳ፤ ልጃችን ለሚያውቅበት ይሰጥ ብሎ የለ፣ ካንተ የሚበልጥ የሚያውቅበት የለም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። አማችህን አትላከው። ራስህ ና። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልጋ አዘጋጃለሁ፣ ልጄ ጣቢያ ድረስ ይቀበልሃል። ስትገባ ታውቀኛለህ ወይ፣ ማን ነኝ እያልክ አታስጨንቀው። ጠረጴዛው ጋ ቁጭ በልና የቀኙን ክንፍ ጀምር። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያጣብቅ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ልያዝልህ ስለው እምቢ ይለኛል፤ ባለሱቅ ምን አገባት።

የምትመጣበትን ቀን አስቀድመህ ጻፍልኝ። እታች በር ላይ ወርጄ እጠብቅሃለሁ። ቀድሜህ አልገባም። አንተ ክንድህን ትሰጠኛለህ፣ ደረጃውን ቀስ እያልን እንወጣለን፣ በሩን ስታንኳኳ እኔ ካንተ ጎን እሆናለሁ።

እጅህን ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅልህ፣ ዓይንህን ለቀጭን ስራ ያቆይልህ፣ መንገዱን ያሳጥርልህ። ልጅህን ሳምልኝ። ለኔ ብለህ ጸጉርህን ተስተካከል፣ የድሮውን እንድትመስል።

ያመጣሃት ሙሽራ